አንድ እንጀራ ስንት መብራት ይበላል?

በየበዓሉ ዋዜማ አንድ ማስታወቂያ ይወጣል። ብዙ ኃይል የሚስቡ ፋብሪካዎች ከዋዜማው ጀምሮ ጭነታቸውን እንዲቀንሱ ይጠየቃሉ። ያን ቀን ከተማው ሁሉ ምጣድ ይጥዳል። ዶሮው በከሰልም በጋዝም ይሠራል፤ እንጀራው ግን በብዙ የአዲስ አበባ ቤት የሚጋገረው በመብራት ነው። ስለዚህ ፋብሪካው ለምጣዱ ቦታ ይለቃል።

እኔ ይህን ማስታወቂያ እንደ ጥናት ውጤት ነው የማነበው። ስለ አየር ንብረት ለውጥና ስለ ኃይል ሲወራ ግድብ ይነሳል፣ የነፋስ ተርባይን ይነሳል፣ አሁን አሁን ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና ይነሳል። ሁሉም ይገባቸዋል። ግን ኢትዮጵያ ውስጥ ጥቅም ላይ ከሚውለው ኃይል ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው ዛሬም የሚገኘው ከማገዶ፣ ከከሰል፣ ከኩበትና ከሰብል ተረፈ ምርት ነው። አብዛኛው የሚነደው ቤት ውስጥ፣ ምግብ ለማብሰል ነው። እንጀራ በሚበላበት አካባቢ ሁሉ ደግሞ ከማብሰሉ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ምጣድ ነው።

ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት በኃይል ምህንድስና ነው፤ የመመረቂያ ሥራዬም ምጣድ ላይ ነበር። አሁን አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ርዕስ ሊመርጡ ሲመጡ ብዙዎቹ የሶላር ፓኔል ወይም የግድብ ነገር ይዘው ይመጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ቤታቸው ምጣዱ ስንት ደቂቃ ሲሞቅ እንደሚጋገርበት ነው። የሚያውቅ ተማሪ ሲገኝ ደስ ይለኛል። ብዙ ጊዜ የምታውቀው ሴት ልጅ ናት፤ ያደገችው ሰፌድ ይዛ ስለሆነ።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

ለአንድ እንጀራ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ሊጥ ይፈሳል። ሊጡ በአብዛኛው ውሃ ነው። ያን ሊጥ ከቤቱ ሙቀት አንስቶ እስኪፈላ ማድረስ አለብን፤ ከዚያ ደግሞ ከውሃው የተወሰነው ተንኖ መውጣት አለበት። አይኑን የሚሠራው ይህ እንፋሎት ነው። ግምቱን በጣም ሳናጠብቅ ብናሰላው አንድ እንጀራ በትክክል የሚፈልገው ሙቀት 0.1 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ በተለምዶ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። አንዱ እንጀራ ወጥቶ ሌላው እስኪፈስ ሦስት ደቂቃ ከምናምን ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ወደ 0.2 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ማሞቂያውን ገና አልቆጠርንም።

ማሞቂያው ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። ወርዱ 58 ሳንቲሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሳንቲሜትር የሆነ የሸክላ ምጣድ ክብደቱ ወደ 9 ኪሎ ተኩል ይመጣል። ይህን ሸክላ ከቀዝቃዛ አንስቶ እስከ 200 ዲግሪ ለማድረስ ሸክላው ብቻ ከ0.4 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይውጣል። አራት እንጀራ ሊጋግር የሚችል ሙቀት ነው፤ ገና ማሟሻው እንኳ ሳይወጣ። ደግሞም ሙቀቱ ሁሉ ወደ ሸክላው አይሄድም። ወደ ታች ይወርዳል፣ በጎን ይወጣል፣ ቤቱን ያሞቃል።

ምጣዱ እንዴት እንደሚሠራ ያየ ሰው ለምን እንደሚባክን ወዲያው ይገባዋል። ሸክላው ይገለበጥና ከጀርባው ክብ ክብ ቦይ ይወጣለታል። ጥቅልል ሽቦው ቦዩ ውስጥ ይቀመጣል። ከላይ በጀሶ ወይም በሌላ ነገር ይደፈናል። ከዚያ ቆርቆሮ ገላ ላይ ይሰካል። ከሽቦው በታች ብዙ ጊዜ ያለው አየርና ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮው ደግሞ ሙቀት አይከለክልም። ስንጋግር እግራችንን የሚለበልበን ሙቀት በገንዘብ የተገዛ ነው።

የተማርኩት ቤተ ሙከራ ውስጥ የመጀመሪያ ሥራዬ ምጣዱ ላይ የሙቀት መለኪያ ሽቦዎች መትከል ነበር። መሃል፣ ዳር፣ በመሃልና በዳር መካከል፣ ከስር። ቁጥሩ ኮምፒውተር ላይ እየወጣ ይመዘገባል። ነገር ግን ሊጥ የሚያፈስልኝ ሰው ያስፈልገኝ ነበር። እኔ እጋግራለሁ፤ ግን አንዱን ከአንዱ እኩል አድርጎ ማፍሰስ ሌላ ሙያ ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈራችን ውስጥ ለሱቆች እንጀራ የሚጋግሩ ሴትዮ አሉ። እትዬ ነው የምላቸው። ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ነግረውኛል። ለመንኳቸውና መጡልኝ።

እትዬ ገና ሁለተኛውን እንጀራ እንዳወጡ "አንቺ ልጅ፣ ይሄ ምጣድ ዳሩ ሞቷል" አሉኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ዳሩ ከመሃሉ በብዙ ዲግሪ ቀዝቅዞ ነበር። እሳቸው ያዩት የእንጀራውን ጠርዝ ነው፤ አይን አላወጣም፣ አልተነሳም። ትንሽ ቆይተው ደግሞ "መብራቱ ደከመ" አሉ። ቮልቴጁን ስለካው እውነትም ወርዷል። ይህን ያወቁት ከአምፖል አይደለም። ሊጡ ምጣዱን ሲነካ ከሚሰጠው ድምፅና ከአይኑ አወጣጥ ነው።

ከዚያ በኋላ የሙከራውን ቅደም ተከተል ለወጥኩት። መጀመሪያ እትዬ የሚሉትን እጽፋለሁ፤ ከዚያ መለኪያውን አያለሁ።

ከእሳቸው የተማርኩት ትልቁ ነገር በውፍረት ላይ ነው። የምህንድስና መጽሐፍ ብቻ የያዘ ሰው ምጣዱን አሳንሰው፣ አሳሳው ይላል። ትክክል ነው፤ ሸክላ ሙቀት በደንብ የማያስተላልፍ ነገር ስለሆነ ሳሳ ካለ ቶሎ ይሞቃል፣ በማሞቂያ የሚሄደውም ኃይል ይቀንሳል። ነገር ግን ቀዝቃዛ ሊጥ ሲፈስበት የምጣዱ ሙቀት ይወርዳል። ወፍራሙ ምጣድ በሆዱ የያዘው ሙቀት ስላለ ብዙም አይናወጥም። ስሱ ምጣድ ግን ወዲያው ይወርዳል። ሽቦው ወዲያው ካልደረሰለት የሚቀጥለው እንጀራ ይበላሻል። ቶሎም ይሰነጠቃል። እትዬ እንደሚሉት "ቶሎ የሞቀ ቶሎ ይከዳል"። ስለዚህ ጥያቄው ምን ያህል ይሳሳ የሚለው ብቻ አይደለም። ስናሳሳው የሽቦው አደራደር፣ ከስር የሚገባው ሙቀት መከላከያና የሙቀት መቆጣጠሪያው አብረው መለወጥ አለባቸው። ይህን አንድ ላይ የሚሠራ ጥናት ነው የሚያስፈልገን። ለየብቻ የተሠራው አለ፤ ውፍረቱን ያየ አለ፣ ሸክላው ላይ ሌላ ነገር ቀላቅሎ ሙቀት ማስተላለፉን ያሻሻለ አለ፣ መከላከያ የጨመረ አለ።

እስካሁን ያወራሁት ስለ መብራት ነው። ከተማ ወጣ ሲሉ ጉዳዩ ሦስት ጉልቻ ነው።

ጉልቻ ላይ የሚነደው እንጨት ከሚሰጠው ሙቀት አብዛኛው ምጣዱ ጋ አይደርስም። በነፋስ ይሄዳል፣ ድንጋዩን ያሞቃል፣ ጭስ ሆኖ ቤቱን ይሞላል። ጭሱ ደግሞ ያልተቃጠለ ማገዶ ነው። ውስጡ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፣ ሚቴን አለ፣ ጥቀርሻ አለ። ጥቀርሻው ሳንባ ውስጥም ይገባል፣ ሰማይ ላይም ወጥቶ ሙቀት ይይዛል። ስለዚህ የእናቶች ሳል እና የአየር ንብረት ጉዳይ ከአንድ እሳት የሚወጡ ናቸው። ጤና ሚኒስቴር ለብቻው፣ አካባቢ ጥበቃ ለብቻው የሚይዘው ነገር አይደለም።

ምርጥ ምድጃን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ እዚሁ አገር ቤት የተሠራ ነው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከእሳተ ገሞራ ከወጣ ቀላል ድንጋይ ተደባልቆ በቅርጽ ይወጣል። ቁርጥራጮቹ ሲገጣጠሙ ምጣዱን ዙሪያውን ይዘጉታል፤ ከኋላው ደግሞ በሚወጣው ሙቀት ድስት ይጣድበታል። በፈተና ጊዜ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር የማገዶውን ግማሽ ያህል ይቆጥባል ተብሎ ነው የተስፋፋው። መንግሥት በ2004 ዓ.ም. ያወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂም ቶሎ ይጀመሩ ካላቸው አራት ሥራዎች አንዱ የተሻሻለ ምድጃን ማዳረስ ነበር። ከግድብና ከደን እኩል ተቀምጧል። ያ በጣም ትክክለኛ ውሳኔ ነበር።

ግን ቤተ ሙከራ ውስጥ ግማሽ የቆጠበ ምድጃ ገበሬው ቤት ውስጥስ? ይህን የጠየቀ አንድ ጥናት አለ፤ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የማስነብበው እሱን ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር አለሙ መኮንን ካሉበት ቡድን የወጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም ባንክ የጥናት ወረቀትነት ታትሟል። ምድጃውን ለገጠር ቤተሰቦች በዕጣ ሰጡ። ከዚያ ምድጃው ላይ የሙቀት መመዝገቢያ አደረጉ። ሰው በቃሉ "እጠቀማለሁ" ከሚለው ይልቅ እሳቱ በትክክል ስንት ጊዜ እንደነደደ ራሱ ይመዘግባል። የደረሱበት ቁጥር አንድ ቤት በዓመት 634 ኪሎ እንጨት ያተርፋል የሚል ነው። ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለወጥ በዓመት 0.94 ቶን ይሆናል። ይህ ከዚያ በፊት ይነገር ከነበረው ግምት ግማሽ ያህል ነው።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ምድጃው ከሽፏል ይላል። እኔ እንደዚያ አላነበውም። 634 ኪሎ በሳምንት ሲካፈል 12 ኪሎ እንጨት ነው። እንጦጦ አካባቢ ያደገ ሰው 12 ኪሎ እንጨት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ልጅ ሳለሁ ሴቶቹ ከባህር ዛፉ ደን ጎንበስ ብለው፣ ጀርባቸው ላይ ከራሳቸው የሚበልጥ ጭነት አስረው በቤታችን አጠገብ ያልፉ ነበር። አንገታቸውን ቀና ማድረግ ስለማይችሉ መንገዱን እንጂ ሰው አያዩም ነበር። ከዚያ ጭነት ላይ በየሳምንቱ 12 ኪሎ ማንሳት ትልቅ ነገር ነው። ጥናቱ ለእኔ የጨመረልኝ እምነት ነው፤ ከእንግዲህ ምድጃው ይህን ያህል ያደርጋል ስል ቁጥሩ ቤት ውስጥ የተለካ ነው።

ለምን ከቤተ ሙከራው ያንሳል የሚለው ደግሞ ለብቻው መወራት አለበት። በሙያችን ውስጥ ምድጃ የሚፈተንባቸው መንገዶች አሉ። አንደኛው ውሃ ማፍላት ነው። በውጭ አገር የተሠራው ይህ ፈተና ለድስት ምድጃ ይሠራል፤ ለምጣድ ግን ትርጉም የለውም፤ ምጣድ ላይ ውሃ አይፈላም። ሁለተኛው በቁጥጥር ውስጥ ማብሰል ነው። የተመዘነ ሊጥ፣ የደረቀ የተመዘነ እንጨት፣ አንዲት ጋጋሪ። ሦስተኛው ደግሞ ቤት ሄዶ ሰው እንደለመደው ሲያበስል ሳምንት ሙሉ እንጨቱን መመዘን ነው። ሦስተኛው አድካሚ ነው። ገንዘብም ጊዜም ይፈልጋል። እንጨቱ እርጥብ ነው፣ እንግዳ ይመጣል፣ ልቅሶ ይኖራል፣ በሰርግ ሰሞን ደግሞ ምድጃው ይቀርና ጓሮ ሦስት ጉልቻ ይቆማል። እውነተኛው የማገዶ ፍጆታ ግን ያለው እዚያ ነው። የዩኒቨርሲቲዎቻችን የምርምር በጀት ይህን ሦስተኛውን መንገድ ቢደግፍ የምንለው ቁጥር ሁሉ ሌላ ክብደት ይኖረው ነበር።

ስለ ፀሐይ ምጣድም ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። አገራችን ፀሐይ ሞልቷት ለምን በፀሐይ አንጋግርም? ተሞክሯል፤ በጣም ጥሩ ሥራ ነው የተሠራው። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ትሮንድሄይም ካለው የኖርዌይ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው ሠርተውበታል። አዲስ አበባ ላይ የተሞከረው እንደ ቦይ የታጠፈ መስታወት ዘይት አሙቆ፣ ዘይቱ በቧንቧ ቤት ውስጥ ወዳለው ምጣድ የሚሄድበት ነው። መቀሌ ላይ ደግሞ ፀሐይን እየተከተለ የሚዞር ጎድጓዳ መስታወት ውሃን እንፋሎት ያደርጋል፤ እንፋሎቱ ምጣዱን ያሞቃል። ከዚህ ሙከራ የወጣ አንድ ውጤት እስካሁን ይገርመኛል። በተለምዶ ከ180 እስከ 220 ዲግሪ ነው የምንጋግረው፤ እነሱ ከ135 እስከ 160 ዲግሪ ባለው ሙቀት እንጀራ መጋገር እንደሚቻል አሳዩ። ይህ ለፀሐይ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ለመብራት ምጣድም የሚቀየር ነገር አለው፤ ዝቅ ባለ ሙቀት መጋገር ከተቻለ በጎንና በስር የሚባክነው ያንሳል።

ችግሩ ሰዓቱ ነው። እትዬ የሚጋግሩት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ነው። እንጀራው ጠዋት ሱቅ መድረስ አለበት፤ መብራቱም በዚያ ሰዓት አይደክምም። የገጠር እናት ደግሞ ከሥራ በፊት ወይም ማታ ነው ምጣድ የምትጥደው። ፀሐይ ያኔ የለችም። ክረምት ሲገባ ደግሞ መስታወቱ የሚፈልገው ቀጥተኛ ጨረር ለወራት ይጠፋል። የመቀሌዎቹ ይህን አይተው ሙቀት ማስቀመጥ ላይ ሠሩ። የፖታሲየም ናይትሬትና የሶዲየም ናይትሬት ጨው ድብልቅ 220 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይቀልጣል። ሲቀልጥ የያዘውን ሙቀት ተመልሶ ሲረጋ ይሰጣል። በቀን አቅልጦ ማታ መጋገር ማለት ነው። ሳይንሱ ይሠራል። ግን መስታወቱ፣ ቧንቧው፣ ጨው የሚይዘው ጋን ለአንድ ቤተሰብ አቅም ከባድ ነው፤ የኪራይ ቤት ግቢ ውስጥም ቦታ የለውም። በእኔ እምነት የዚህ ምርምር ቦታ የዩኒቨርሲቲና የሆስፒታል ወጥ ቤት ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ በቀን ለብዙ ሺህ ተማሪ እንጀራ ይጋግራል። የሚጋገረው በቀን ነው፣ ግቢው ሰፊ ነው፣ ጠጋኝ ቴክኒሻን አለ። ብዙ ቦታ ግን በመኪና የመጣ እንጨት ነው የሚነድበት። የምርምር ቤተ ሙከራውና የእንጨት ክምሩ አንድ አጥር ውስጥ ሆነው ማየት ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ግድቡ ልምጣ። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ቤታችን ሁሉም እያለቀሰ ነበር የሚያየው። 5,150 ሜጋዋት ማለት ለእኛ ትውልድ ምን እንደሆነ መግለጽ ይከብዳል። በዚያው ማታ ግን አንድ ሒሳብ ሠራሁ። 5,150 ሜጋዋትን ለ3.5 ኪሎዋት ስናካፍለው 1 ሚሊዮን 470 ሺህ ምጣድ ይመጣል። ግድቡ በሙሉ አቅሙ ቢሠራና በመንገድ ላይ ምንም ባይባክን፣ በአንድ ጊዜ የሚያሞቀው ይህን ያህል ምጣድ ነው። በአገሪቱ ያለው ቤተሰብ ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው። እርግጥ ሁሉም በአንድ ሰዓት አይጋግርም። ግን በዓል ዋዜማ ላይ ወደዚያ እንጠጋለን፤ ማስታወቂያው የሚወጣውም ለዚሁ ነው።

ከግድቡ ይልቅ ደግሞ ቶሎ የሚጨናነቀው የሰፈሩ ትራንስፎርመር ነው። አንድ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። በአንድ ግቢ ሦስት ተከራይ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢጥድ መስመሩ ይጎብጣል። ቮልቴጁ ሲወርድ ምጣዱ ቶሎ አይሞቅም፣ ስለዚህ ረዥም ሰዓት ይቆያል፣ ስለዚህ የሌላው ሰው ሰዓት ጋር ይደራረባል። ሰዎች ተስፋ ቆርጠው ወደ እንጨት ሲመለሱ ያየሁት በዚህ ምክንያት ነው። መብራት ገብቶላቸዋል፤ ምጣድ ግን አይችልም።

ዝናብም አለ። መብራታችን ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ነው። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ግልገል ጊቤ ሦስት የገባው ውሃ አንሶ አገሩ ሁሉ በፈረቃ የበራበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። ሰው ምጣዱን በፈረቃው ሰዓት ላይ ለማድረስ ሌሊት ይነሳ ነበር። የአየር ንብረቱ ሲዛባ መጀመሪያ የሚዛባው እንዲህ ያለ ነገር ነው። አንድ ቤት በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጋግራል፣ በአንዱ ጊዜ 5 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል ብንል በዓመት 500 አካባቢ ነው። ምጣዱ ተሻሽሎ ሩቡን ቢቆጥብ 125 ይተርፋል። አንድ ሚሊዮን ቤት ላይ 125 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ያ ውሃ ግድብ ውስጥ ለድርቅ ጊዜ ይቆያል ማለት ነው።

ታዲያ ይህ የተሻሻለ ምጣድ ማን ይሠራዋል? እዚህ ላይ ነው የብዙ ጥናት ጽሑፍ የሚቆመው። የመጨረሻው ገጽ ላይ "ለአምራቾች እንዲተላለፍ ይመከራል" ይባላል። አምራቹ ማነው? የምጣዱን ሸክላ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። አፈሩን ቆፍረው፣ ነፍተው፣ በእጃቸው ጠፍጥፈው፣ በእሳት ጠብሰው የሚያወጡት። አዲስ አበባ ውስጥ ቀጨኔ የሸክላ ሙያ የታወቀበት ሰፈር ነው፤ እነዚያ ሴቶች ለትውልድ ሙያቸው ምስጋና ሳይሆን ስድብ ሲቀበሉ ኖረዋል። ውፍረቱን የሚወስነው የእነሱ መዳፍ ነው። ሁለት ሳንቲሜትር ወደ አንድ ተኩል ይውረድ ብዬ ብጽፍ፣ አፈሩ ያንን ይችል እንደሆነ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የትኛው ኮረብታ አፈር እንደሚሰነጠቅ፣ የቱ እንደማይሰነጠቅ፣ ሲጠበስ ምን ያህል እንደሚኮማተር። ይህን ሁሉ አንድ ጊዜ ያስረዱኝ ሴትዮ "የምትፈልጊውን ውፍረት ንገሪኝና አፈሩን እኔ አመጣለሁ" አሉኝ። እኚህ ሴት በጥናቱ ላይ ስማቸው ከአማካሪዬ ስም አጠገብ ቢጻፍ ደስ ባለኝ ነበር። መመሪያው እንዲህ ያለ ነገር አይፈቅድም ነበር፤ የመረጃ ሰጪ ተብለው አለፉ።

ይህ መለወጥ አለበት ብዬ አምናለሁ፣ ለተማሪዎቼም እየለወጥኩት ነው። ዘንድሮ ምጣድ ላይ የሚሠሩ ልጆች ከሸክላ ሠሪዎች ጋር ነው የሚጀምሩት። ሥራው ቀላል ነው። ገበያ ላይ ያለውን ምጣድ ውፍረቱን በየቦታው መለካት፤ መሃሉና ዳሩ እኩል ነው ወይ ማየት። ከዚያ ከሠሪዎቹ ጋር ሆኖ ሳሳ ያለውን ማውጣት። ከዚያ ሽቦ ከሚያስገቡት የመርካቶ ባለሙያዎች ጋር ከስሩ ምን ዓይነት ሙቀት መከላከያ በርካሽ ሊገባ እንደሚችል መነጋገር። የተጋገረበትን ደግሞ እትዬ ይፈርዱታል። ተስማምተዋል፤ ክፍያቸውም እንደ ባለሙያ ነው።

ከእናንተ ደግሞ የምፈልገው ነገር አለ። ካርድ ቆጣሪ ያላችሁ፣ በሚቀጥለው ስትጋግሩ ምጣዱን ከመሰካታችሁ በፊት ቆጣሪው ላይ ያለውን ኪሎዋት ሰዓት ጻፉት። ፍሪጁንም ሌላውንም ነቅሉ። ጋግራችሁ ስትጨርሱ እንደገና አንብቡት። ስንት እንጀራ እንደወጣ፣ ሰዓቱ ስንት እንደነበር፣ መብራቱ ደክሞ ከሆነ እሱንም ጨምሩና ላኩልኝ። ምጣዱ ስንት ዓመት እንደሆነው ብታውቁ ጥሩ ነው። ጤፉ ንጹህ ነው ወይስ ከሩዝ ወይ ከማሽላ ጋር ተቀላቅሏል፣ እሱንም ጻፉ፤ ሊጡ የሚይዘው ውሃ ስለሚለያይ ቁጥሩን ይቀይረዋል።